ገርማሜ ንዋይ፦ ከወላይታ አውራጃ እስከ ሞጆ

በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ አንድ የመፈንቅለ መንግሥት መሪ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። አቶ ገርማሜ ንዋይ ሲነሱ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የታኅሣሥ 1953ን ግርግር፣ የክብር ዘበኛን ጦርና የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ነው። እኚህ ሰው ግን ከዚያ በፊት የአውራጃ ገዥ ነበሩ። ያውም መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት የሰጡና በዚህም ምክንያት ከቦታቸው የተነሡ ገዥ ናቸው። ስለዚህ ታሪካቸው ለእኛ ለግብርና ሰዎች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣ እንዲሁም በየደረጃው ላሉ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ቅርብ ነው። መጨረሻቸውም የሆነው ሩቅ አገር አይደለም። ከሶደሬ ተነሥቶ አዳማን አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ዘወትር በሚያቋርጣት በሞጆ አካባቢ ነው።

አቶ ገርማሜ እ.ኤ.አ. በ1924 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የተከበረ ነበር፤ ታዋቂ ከሆነው የሸዋ የሞጃ ቤተሰብ ጋር ይዛመዳሉ። ታላቅ ወንድማቸው መንግሥቱ ንዋይ በወታደርነት መስመር አደጉ። በጣልያን ወረራ ዘመን ሱዳን ተሰደው፣ በዚያም የወታደር ትምህርት ተከታትለው፣ ከነፃነት በኋላ በክብር ዘበኛ ውስጥ ከፍ እያሉ ሄዱ። ታናሽየው ደግሞ የመጽሐፍ ሰው ሆኑ። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ኮተቤ በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ያ ትምህርት ቤት በጊዜው የአገሪቱ ምርጥ ልጆች የሚሰበሰቡበት ነበር። ከዚያ መንግሥት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ከላካቸው ወጣቶች አንዱ ሆነው አሜሪካ ሄዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛውን ከኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አገኙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አቶ ገርማሜ ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የጻፉት ጥናት የነጮች ሰፈራ ፖሊሲ በኬንያ ያስከተለውን ውጤት የሚመለከት ነበር። ጥናቱን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በዚያን ጊዜ ኬንያ ውስጥ የማው ማው ትግል ተቀጣጥሎ፣ እንግሊዞችም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው ነበር። የጠቡ መነሻ መሬት ነው። ለም የሆነው ደጋው መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች ብቻ ተከልሎ፣ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች በገዛ መሬታቸው ላይ ጥገኛ ሆነው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣ ሕግ በሰፋሪው እርሻ ላይ ጎጆ ቀልሶ ከብቱን የሚያግድ አፍሪካዊ በዓመት ቢያንስ 180 ቀን ለባለ እርሻው እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። የቀኑ ቁጥር በኋላ ከዚያም በላይ ተጨምሯል። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ይህን ኒውዮርክ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ሲያነብ ስለ አገሩ ጭሰኛ አላሰበም ማለት ይከብዳል። በኬንያ የመሬቱ ጌታ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በእኛ አገር ግን ጌታውም ጭሰኛውም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። አዝመራው አውድማ ላይ ሲከፈል ግን ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። እኩል አራሽ ከሆነ ግማሹን፣ ሲሶ አራሽ ከሆነ ሲሶውን ለባለ መሬቱ ይሰጣል። በዚያ ላይ አሥራቱ አለ፤ በበዓል ቀን ይዞ የሚቀርበው በግና ማር አለ፤ የባለ መሬቱን እህል ጎተራው ድረስ ማጓጓዝም አለ።

አቶ ገርማሜ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ተመደቡ። የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትም ሆነው ተመረጡ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የአገር ጉዳይ መነሣት በመጀመሩ በመንግሥት ዘንድ በጥርጣሬ ዓይን መታየታቸው አልቀረም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው ራቅ አድርጎ መሾም የተለመደ ዘዴ ነበር። በዚሁ መሠረት በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ለነበረው፣ ያኔ ወላሞ እየተባለ ይጠራ ለነበረው ለዛሬው የወላይታ አካባቢ የአውራጃ ገዥ ሆነው ተላኩ።

ለወጣት አንባቢዎቻችን የጊዜውን አስተዳደር በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ የተከፋፈለች ነበረች። ገዥዎቹን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የአውራጃ ገዥ ግብር ያስገባል፣ ጸጥታ ያስከብራል፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ያስፈጽማል። ሕዝቡ የሚመርጠው፣ ገዥውን የሚጠይቅ ምክር ቤት በአውራጃ ደረጃ የለም። ከሹመቱ ጋር መሬት የሚያገኝ፣ በሹመቱ ዘመን መሬት የሚሰበስብ ገዥም ብዙ ነበር። ከዚህ አንጻር ሲታይ ገርማሜ ወላይታ ላይ ያደረጉት ነገር ለባላባቱም ለሹሙም ዱብ ዕዳ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ወላይታን የሚያውቅ ሰው የመሬቱን ጥበት ያውቃል። ቤት ከቤት የተጠጋጋ፣ በጓሮው እንሰት፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ ስኳር ድንችና ጎደሬ፣ ከዚያ በቆሎ። ገበሬው ከእጅ መዳፍ ከማይበልጥ ማሳ ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ለማግኘት የሚጥር ብርቱ ሕዝብ ነው። አገሩ እ.ኤ.አ. በ1894 በአፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ገበሬው ገባር ሆነ፤ ብዙው መሬትም ለወታደር፣ ለሹምና ለባላባት ተደለደለ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈልና የጉልበት አገልግሎት እንዲቀር ቢታወጅም መሬቱ በያዘው ሰው እጅ ቀረ። እንዲያውም የመንግሥት የሚባለው መሬት ለባለውለታዎች በጋሻ በጋሻ ይታደል ጀመር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። በዛሬ ስሌት የእኛ አካባቢ አንድ ገበሬ በአማካይ ከሚይዘው ጋር ቢነጻጸር አንድ ሰው ብቻውን የአንድ ጎጥ ሕዝብ መሬት ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። ከደጋው ወረድ ሲባል ደግሞ ያልታረሰ ቆላ ነበር። መሬት እያለ መሬት የሌለው ሰው መብዛቱ ነው እንግዲህ አዲሱን ገዥ ያሳሰባቸው።

አቶ ገርማሜ መንገድ አሠሩ፣ ልማት አነቃቁ። ዋናው ሥራቸው ግን የመንግሥትና ሳይታረስ የተቀመጠ መሬት ለመሬት አልባ ገበሬዎችና ለጭሰኞች እንዲከፋፈል፣ ሰዎቹም በቦታው እንዲሰፍሩ ማድረጋቸው ነበር። ይህን ያደረጉት አዲስ ሕግ አውጥተው አይደለም፤ የማውጣት ሥልጣንም አልነበራቸውም። በአውራጃ ገዥነት በእጃቸው ባለው ሥልጣን ተጠቅመው ነው። በዚህም ምክንያት ባለ መሬቶቹ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄደው አቤት አሉ። ገዥው የሰው መሬት እየነጠቀ ያከፋፍላል፣ ጭሰኛውን በጌታው ላይ ያስነሣል የሚል ክስ ቀረበባቸው። ገርማሜ ተጠርተው ተጠየቁ። መልሳቸው በመሠረቱ ሕዝቡ ከተራበና መሬቱ ካለ፣ ማከፋፈል የገዥ ግዴታ ነው የሚል እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ግን ከወላይታ ተነሡ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንደ መሆኔ ይህን ታሪክ የማየው ከሙያዬ ጋር አገናኝቼ ነው። በኮሌጅ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም፣ ስለ አፈር ጥበቃ ብዙ ተምረናል። መስክ ከወጣን በኋላ ያየነው ግን ገበሬው እርከን የሚሠራውና ዛፍ የሚተክለው መሬቱ ነገም የእኔ ነው ብሎ ሲያምን መሆኑን ነው። በሶደሬ ዙሪያ በአዋሽ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አርሶ አደሮች ለሞተር ፓምፕና ለቦይ ገንዘባቸውን የሚያወጡት በዚሁ እምነት ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በየቤቱ ከገባ ወዲህ የድንበር ክርክር መቀነሱን የወረዳችን ባለሙያዎች ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። ገርማሜ ንዋይ የግብርና ሰው አልነበሩም። ዳሩ ግን ማንኛውም የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ከመምጣቱ በፊት መቅደም ያለበትን ነገር በትክክል አይተዋል ባይ ነኝ።

በእነዚያው ዓመታት የእኛ አካባቢም ዝም ብሎ የተቀመጠ አልነበረም። የወንጂ ሜዳ ለኆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ተሰጥቶ የስኳር ፋብሪካው በ1946 ማምረት ጀምሯል። የቆቃ ግድብ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ተመርቋል። ሁለቱም ለአገር ትልቅ ጥቅም ያስገኙ ሥራዎች ናቸው። በሜዳው ላይ ከብቱን ያሰማራ የነበረው የጂሌ ኦሮሞና በሐይቁ ሥር መሬቱ የተዋጠበት ገበሬ ግን ከጥቅሙ የደረሰው ጥቂት ነበር። መሬት በማን ስም ነው፣ ሲወሰድስ ማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ ወላይታ ላይ ብቻ የተነሣ አልነበረም ለማለት ነው።

ነገሩን ከሌላው ዓለም ጋር ማነጻጸርም ይጠቅማል። በህንድ አገር በዚያው ዘመን የየክልሉ መሪዎች ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ዛሚንዳር የሚባሉት ባለ መሬቶች በገበሬውና በመንግሥት መካከል ገብተው ግብር ይሰበስቡ ነበር። ከክልሎቹ ሁሉ በሕዝብ ብዛት ትልቁ በሆነው በኡታር ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትሩ ጎቪንድ ባላብ ፓንት የሚመሩት መንግሥት ይህን ሥርዓት የሚያስቀር ሕግ በክልሉ ምክር ቤት አስወስኖ፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ ላይ ዋለ። ባለ መሬቶቹ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፤ ካሣም ተከፈላቸው፤ አፈጻጸሙም ብዙ ጉድለት ነበረበት። ቢሆንም ፓንት ከኋላቸው የተመረጠ ምክር ቤት፣ ፓርቲና ሕግ ነበራቸው። ገርማሜ ከኋላቸው የነበረው አንድ የሹመት ደብዳቤ ብቻ ነው። ያም ደብዳቤ በማግሥቱ ሊሻር ይችላል፤ ተሻረም።

ከወላይታ የተነሡት ገዥ ወደ ጅጅጋ ተላኩ። ያን ጊዜ ጅጅጋ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ፣ ከአዲስ አበባ እጅግ የራቀ፣ አስቸጋሪ አውራጃ ነበር። ከጣልያን መውጣት በኋላ ለዓመታት በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ቆይቶ፣ አካባቢው በየተራ ነው የተመለሰው፤ የመጨረሻው ክፍል ሐውድ ለኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ሶማሊያ ነፃነቷን ልትቀዳጅ በዝግጅት ላይ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ተቀዳጀችም። የአካባቢው አርብቶ አደር በሁለት መንግሥታት መካከል ሆኖ ማን እንደሚጠቅመው የሚያይበት ወቅት ነበር።

እዚያ የመሬት ክፍፍል ጥያቄ የለም፤ ጥያቄው ውኃ ነው። አርብቶ አደሩ ግመሉንና ከብቱን ይዞ ከኤላ ወደ ኤላ ይጓዛል። ክረምቱ ካልጣለ መንጋው ያልቃል፤ ኤላ ላይ በሚነሣ ጠብ ሰው ይሞታል። ገርማሜ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና ማስፋፋት ጀመሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ የሶማሌው ሕዝብ ኢትዮጵያዊነቱን የሚወደው ከኢትዮጵያ መንግሥት የሚጠቅመውን ሲያገኝ ነው። ሆኖም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከማዕከል በሚፈለገው መጠን አልተፈቀደም። አንድ ገዥ ምንም ያህል ቢደክም ቁልፉ ያለው አዲስ አበባ ነው። ይህን የመሰለ ነገር በየመሥሪያ ቤቱ ያየ ሰው ንዴቱ ይገባዋል። የበጀት ጥያቄ ጽፎ፣ መልስ ጠብቆ፣ በጋው አልፎ ክረምት የገባበት ሠራተኛ በዛሬውም ዘመን አይጠፋም። ገርማሜ ግን ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ከባድ ነበር። በአንድ አውራጃ የሚደረግ ማሻሻያ ከንቱ ነው፣ መለወጥ ያለበት ላይኛው መንግሥት ራሱ ነው አሉ።

ወንድማቸው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ በዚያን ጊዜ ከጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ተረክበው የክብር ዘበኛ ዋና አዛዥ ነበሩ። የፖሊስ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡና የጸጥታ ኃላፊው ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁም አብረው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል በነበሩበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ማታ ሚኒስትሮችና መኳንንት እቴጌይቱ በጠና ታመዋል ተብለው ተጠርተው በቁጥጥር ሥር ዋሉ። በማግሥቱ አልጋ ወራሹ በሬዲዮ መግለጫ አነበቡ። መግለጫው አዲስ ነፃነት ያገኙ የአፍሪካ አገሮች እየገሰገሱ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ መቅረቷን፣ ለገበሬውም እርዳታ እንደሚደረግ፣ አዳዲስ ፋብሪካዎችና ትምህርት ቤቶች እንደሚቋቋሙ የሚያትት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው የተሰየሙት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ራስ እምሩ በህንድ የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው የሠሩ፣ መሬታቸውንም ለጭሰኞቻቸው በመስጠት የሚታወቁ መስፍን ናቸው። ስማቸው መመረጡ የገርማሜን አሳብ የሚያሳይ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለአዲሱ መንግሥት ድጋፋቸውን ለመግለጽ ሰልፍ ወጡ። በሌላ በኩል የምድር ጦርና የቢሾፍቱ አየር ኃይል ለንጉሠ ነገሥቱ እንደ ታመኑ ቀሩ። በጄኔራል መርዕድ መንገሻና በጄኔራል ከበደ ገብሬ የሚመራው ጦር ከክብር ዘበኛ ጋር በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ተዋጋ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ዐመፁን አወገዙ፤ ጽሑፉም ከአውሮፕላን ተበተነ። ከተማዋ በዕለት ጉርሷ ላይ የነበረች ሕዝብ እንጂ ጦር ሜዳ አልነበረችም። ብዙ ሰላማዊ ሰው ሞተ።

ታኅሣሥ 7 ቀን ጦሩ ወደ ቤተ መንግሥቱ በተጠጋ ጊዜ ዐመፀኞቹ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል ታስረው በነበሩት ባለ ሥልጣኖች ላይ ተኮሱ። 15 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም መካከል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ የአርበኞች መሪ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም ነበሩ። ይህን ሥራ በምንም ዓይነት ማስተባበያ ማለፍ አይቻልም። የታሰረ ሰው ነው የተገደለው፤ አምስት ዓመት በዱር በገደል ከጠላት ጋር የተዋጋ አርበኛም በወገኑ ጥይት ወድቋል። ገርማሜን የሚያወድሱ ጽሑፎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ የሚያወግዟቸው ደግሞ ወላይታንና ጅጅጋን ጨርሰው ይረሷቸዋል። ሁለቱንም ያደረጉት አንድ ሰው ናቸው።

ሌላም መነሣት ያለበት ነገር አለ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ስለ ገበሬው ብዙ ቢነገርም ገበሬው ራሱ አልተሰማም። ወላይታ ላይ መሬት የተቀበለው ሰው፣ ጅጅጋ ላይ ውኃ ያገኘው ሰው በአዲስ አበባ ምን እንደ ተደረገ በጊዜው ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ሬዲዮ ያለው ስንቱ ነው? የተደራጀ የገበሬ ማኅበርም አልነበረም። ነገሩ ከመኮንኖችና ከጥቂት የተማሩ ሰዎች ሳይወጣ ተጀመረ፤ በዚያው አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በአሥመራ በኩል ተመልሰው ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ጄኔራል ጽጌ በውጊያው ላይ ሞቱ። ኮሎኔል ወርቅነህም እጃቸውን ሳይሰጡ ሞቱ። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ከከተማ አምልጠው ወጡ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ፣ ወደ ዝቋላና ወደ ሞጆ አገር ነበር የሄዱት። ከአንድ ሳምንት በላይ ሲፈለጉ ቆይተው ታኅሣሥ 15 ቀን ሞጆ አካባቢ ተከበቡ። በዚህ ወቅት በእኛ አካባቢ ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፤ ሜዳው ገላጣ ስለ ሆነ መደበቂያ የለውም። ገርማሜ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ጄኔራል መንግሥቱ ፊታቸው ላይ ቆስለው፣ አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በሕይወት ተያዙ። የገርማሜ አስከሬን አዲስ አበባ ተወስዶ ለሕዝብ እይታ ተሰቀለ። ሠላሳ ሰባተኛ ዓመታቸውን እንኳ አልጨረሱም ነበር። ጄኔራሉ ቁስላቸው ታክሞ ፍርድ ቤት ከቀረቡ በኋላ መጋቢት 21 ቀን 1953 በተክለ ሃይማኖት አደባባይ በስቅላት ተቀጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ ፓርላማው ደጅ ድረስ ሄዱ። በ1958 የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። የጭሰኛና የባለ መሬት ግንኙነትን የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል አብዮቱ ደረሰ። ፓርላማውን የሞሉት በአብዛኛው ባለ መሬቶች ስለ ነበሩ ይህ አያስገርምም።

በዚህ መካከል በስዊድን መንግሥት እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ ካዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በዓለም ባንክ ብድር ወላይታ ላይ ዋዱ የተባሉት የግብርና ልማት ድርጅቶች ተመሠረቱ። ዋዱ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ከተጨናነቀው ደጋ ሰው እያነሣ በቆላው ማስፈር ነበር፤ ማለትም ገርማሜ የተከሰሱበት ዓይነት ሥራ በባንክ ብድርና በባለሙያ ጥናት ተሠራ። የካዱ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁልጊዜ ሊታወስ ይገባዋል። ምርጥ ስንዴና ማዳበሪያ በጭላሎ ገብቶ ምርት ሲጨምር፣ ባለ መሬቶች እርሻው እንደሚያዋጣ አዩ። ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን ያስወጡ ጀመር። ቴክኖሎጂው መልካም ነበር፤ ገበሬው ግን በቴክኖሎጂው ምክንያት ከቀዬው ተነቀለ። የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ እንዳይችል ተወሰነ፤ በ20 ጋሻ መሬት ላይም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደረገ። ገርማሜ ከሞቱ 14 ዓመት አልፏቸው ነበር።

በመጨረሻ ለመጽሔታችን አንባቢዎች በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ በአገራችን ሲቆጠር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው፤ እርሱንም በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 985 ተክቶታል። ከዚያ በፊት የ1970ው አለ፤ ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ቁጥር 241። የሁሉም ቀዳሚ ግን የእርሻ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድንጋጌ ቁጥር 44 ነው። ዓላማው ሥራና መሬት የሌላቸውን ሰዎች በማኅበር አደራጅቶ እርሻ ላይ ማሰማራት ነበር። ጭሰኛው የራሱ መሬት ስላልነበረው፣ ለብድርም ማስያዣ ስለሌለው ድንጋጌው ከወረቀት እምብዛም አላለፈም። የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ አቶ ገርማሜ ንዋይ ሞጆ ሜዳ ላይ በሞቱበት ዓመት።